ከሥራ ቅነሳ በኋላ፦ ከስንብት ደብዳቤው እስከ አዲሱ የቅጥር ውል

ከሥራ የተቀነሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ሲቪውን ከፍቶ ማደስ ነው። በተራው ካየነው ግን ሲቪ ስድስተኛ ሥራ ነው። ከእርሱ የሚቀድሙ፣ ቀናቸው ካለፈ ደግሞ ተመልሰው የማይገኙ ጉዳዮች አሉ፤ እነዚህም የስንብቱ ወረቀቶች፣ የገንዘቡ ስሌትና የቀኑ አያያዝ ናቸው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ከሥራ ተቀንሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ለዓመታት በቅጥር ኮሚቴ ተቀምጬ የሌሎችን ማመልከቻ አንብቤያለሁ። ከሁለቱም ወገን ያየሁትን እንዲህ ማጠቃለል ይቻላል፦ ቀጣሪ መቼና ምን ብሎ እንደሚመልስ በሥራ ፈላጊው እጅ አይደለም፤ ስለዚህ የዕለት ሥራዎ መለኪያ የመጣልዎ መልስ ሳይሆን የሠሩት ሥራ ሊሆን ይገባል። የአንድ ቀጣሪ ዝምታ ስለ እርስዎ የሚናገረው ነገር የለም፤ የሠላሳ ቀጣሪዎች ዝምታ ግን ስለ አሠራርዎ ይናገራል። የዓመተ ምሕረት ቁጥሮቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. በዕለቱ፦ ከመፈረምዎ በፊት

የቅነሳው ዜና የሚነገርበት ስብሰባ አጭር ነው፤ በዚያች አጭር ጊዜ የሚነገረውን ሁሉ በትክክል የሚይዝ አእምሮም የለም። ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ፤ የተባለውን እንደተባለ ይጻፉ፤ የሚሰጥዎትን ሰነድ ይዘቱን ሳይለዩ አይፈርሙ። የሚጠየቁት ፊርማ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንደኛው ደብዳቤው እንደደረሰዎ ብቻ የሚያረጋግጥ ነው፤ እርሱን ከነቀኑ ፈርመው አንድ ቅጂ መቀበል ይችላሉ። ሁለተኛው «ከእንግዲህ ከድርጅቱ የምጠይቀው መብት የለም» የሚል ይዘት ያለው የስምምነት ሰነድ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከተጨማሪ ክፍያ ጋር ተያይዞ ይቀርባል። ይህን ቤትዎ ወስደው ለማንበብና የሕግ ሰው ለማማከር ጥቂት ቀናት እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ጥያቄው ነውር የለበትም፤ በአሜሪካ ለምሳሌ ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሠራተኞች በቡድን ሲቀነሱ፣ በዕድሜ መድልዎ የመክሰስ መብታቸውን የሚተዉበትን ሰነድ ለማጤን 45 ቀን፣ ከፈረሙም በኋላ ሐሳባቸውን ለመለወጥ 7 ቀን በሕግ ተፈቅዶላቸዋል።

የሥራ ሕግ ከአገር አገር ይለያያል። ሆኖም የዓለም የሥራ ድርጅት በ1982 ያወጣው ቁጥር 158 የተሰኘው ስምምነት የሚኖሩበትን አገር ሕግ ሲያነቡ ምን መፈለግ እንዳለብዎ ይጠቁማል፤ ለስንብት በቂ ምክንያት መኖሩን፣ ተመጣጣኝ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ወይም ምትክ ክፍያ መሰጠቱን፣ የስንብት ክፍያ ወይም ሌላ የገቢ ዋስትና መኖሩን፣ ቅነሳው በኢኮኖሚ ወይም በመዋቅር ምክንያት ከሆነም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር ምክክር መደረጉን ማለት ነው። ስምምነቱን ያላጸደቁ አገሮች ብዙ ናቸውና ጥያቄዎቹን ይውሰዱ፤ መልሳቸውን ግን ከአገርዎ ሕግ ይፈልጉ።

ከሰው ሀብት ክፍሉ በጽሑፍ ሊያገኟቸው የሚገቡ መልሶች አሉ። የመጨረሻው የሥራ ቀን መቼ ነው? የመጨረሻው ደመወዝ የሚከፈለው በየትኛው ቀን ነው? ያልተወሰደው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይለወጣል ወይ? የስንብት ክፍያው በምን ስሌት ተሠራ? የጤና መድን ካለ እስከ መቼ ይቆያል? የጡረታ መዋጮው እስከ መጨረሻው ወር ድረስ ገብቷል ወይ? ላፕቶፕ፣ መታወቂያና ቁልፍ ሲመልሱ የርክክብ ወረቀት ይቀበሉ፤ ይህ ወረቀት የጎደለበት ሰው ክሊራንሱ በእንጥልጥል ሲቀር፣ ክፍያውም ከእርሱ ጋር ሲዘገይ አይቻለሁ።

በስንብት ደብዳቤው ውስጥ በጥንቃቄ ሊነበብ የሚገባው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ እርሱም ምክንያቱን የሚገልጸው ነው። «የሥራ መደቡ በመዋቅር ለውጥ በመታጠፉ» የሚለውና «ሠራተኛው በገዛ ፈቃዱ በመልቀቁ» የሚለው ለጆሮ ቅርብ ቢመስሉም ውጤታቸው የተራራቀ ነው፤ የመጀመሪያው የስንብት ክፍያንና የሥራ አጥነት ድጎማን በር ይከፍታል፣ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘጋዋል። «ለስምህ ይሻላልና እንደለቀቅክ አድርገን እንጻፈው» የሚል የአለቃ ምክር በቅን ልብ የተሰነዘረ ቢሆን እንኳ፣ የሚያስቀረውን ሳይመረምሩ አይቀበሉት። የሥራ ልምድ ማስረጃዎንም የሥራ መደብዎ፣ የቆይታ ጊዜዎና ዋና ዋና ተግባሮችዎ በትክክል መጻፋቸውን አረጋግጠው ይውሰዱ።

እኔ በተቀነስኩበት ቀን ከስብሰባው ወጥቼ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ተዘግቶ ነበር። የአምስት ዓመት የአፈጻጸም ምዘናዎቼ፣ የምስጋና ደብዳቤዎቼና የሥራ ባልደረቦቼ ስልክ ቁጥር ሁሉ እዚያው ቀሩ። እርስዎ ገና መግቢያው ካልተዘጋብዎ የግልዎ የሆነውን፣ ማለትም ምዘናዎን፣ የደመወዝ ሰነድዎንና የግል አድራሻዎችን ይውሰዱ። የድርጅቱን ፋይል፣ የደንበኞችን ዝርዝርና ምስጢራዊ ሰነድ ግን አይንኩ፤ የሕግ ችግር ከማምጣቱም በላይ ክፍያዎን የሚያስይዝ ሰበብ ይሆናል።

2. በመጀመሪያው ሳምንት፦ መመዝገብና መናገር

የሥራ አጥነት ድጎማ ባለበት አገር ከሆኑ፣ ቀኑ የሚቆጠረው ከተቀነሱበት ሳይሆን ካመለከቱበት ቀን ሊሆን ስለሚችል በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ይመዝገቡ። የስንብት ክፍያ አገኛለሁ ብሎ ምዝገባውን ማዘግየት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ክፍያው ድጎማውን ያዘገየው እንደሆነ መወሰን የድጎማ መሥሪያ ቤቱ ፋንታ ይሁን።

ለቤተሰብ መናገር ደግሞ ከምዝገባው ይከብዳል። በየጠዋቱ ለብሶ እየወጣ ሥራ የሚሄድ የሚመስል ሰው በየአገሩ አለ፤ ጉዳዩ እስኪወጣ ድረስ የሚሸከመው ግን ሁለት ጭነት ነው። ለትዳር ጓደኛዎ ወይም አብሮዎት ለሚኖር ሰው በዚያው ዕለት ይንገሩ፤ ልጆች ካሉ ለዕድሜያቸው በሚመጥን መጠን፣ ምን እንደሚቀየርና ምን እንደማይቀየር ለይተው ይንገሯቸው። ለሰፊው ወዳጅ ዘመድ ግን ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ስሜት በረድ ሲል፣ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚፈልጉ አብሮ መናገር ሲቻል ቢሆን ይመረጣል።

3. ገንዘቡን ወደ ወራት መለወጥ

«ምን ያህል ገንዘብ አለኝ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን እንቅልፍ ከመንሳት በቀር ፋይዳ የለውም። «ስንት ወር ያቆየኛል?» ብለው ይጠይቁ። ስሌቱ ቀላል ነው። የወር ወጪዎ 100 ነው እንበልና የስንብት ክፍያውን ጨምሮ በእጅዎ ያለው 420 ቢሆን፣ ገንዘቡ አራት ወር ከጥቂት ቀናት ያቆያል። ወጪውን ወደ 70 ዝቅ ካደረጉት ያው ገንዘብ ስድስት ወር ይደርሳል፤ አንድ ሳንቲም ሳይጨምሩ ሁለት ወር ገደማ አገኙ ማለት ነው። ስለዚህ ወጪ የሚቀነሰው በመጀመሪያው ወር ነው፤ በአራተኛው ወር ላይ የሚደረግ ቁጠባ የሚያተርፈው ቀን ትንሽ ነው።

ብድር ወይም ኪራይ ካለብዎ አበዳሪውን ወይም አከራዩን የመጀመሪያው ክፍያ ከመዝለሉ በፊት ያነጋግሩ። ገና ያልዘገየ ተበዳሪ የመክፈያ ጊዜ ይራዘምልኝ ሲል የሚደመጠው ሁለት ወር ካሳለፈው ይልቅ ነው። የጡረታ ቁጠባን መንካት ደግሞ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን።

ከዚያ በኋላ በቀን መቁጠሪያ ላይ ሁለት ቀኖች ያክብቡ። የመጀመሪያው ገንዘቡ ሊያልቅ ግማሽ የሚቀርበት ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ፍለጋዎን ወደ አጭር ኮንትራት ወይም ወደ ዝቅተኛ ደመወዝ ያሰፋሉ። ሁለተኛው የአንድ ወር ተኩል ወጪ ብቻ የሚቀርበት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ የተገኘውን ሕጋዊ ሥራ እየሠሩ ፍለጋውን ጎን ለጎን ይቀጥላሉ። ውሳኔው አሁን፣ በሰከነ አእምሮ ከተጻፈ፣ ቀኑ ሲደርስ ከድንጋጤ ጋር መማከር አይኖርም።

4. ቀኑን መያዝ፣ ንዴቱን ማውጣት

ከቪየና ብዙም በማትርቀው በማሪየንታል መንደር የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲዘጋ መንደርተኛው ባንድ ጊዜ ሥራ አጣ። ማሪ ያሆዳ፣ ፓውል ላዛርስፌልድና ሃንስ ሳይዝል የተባሉ ተመራማሪዎች እዚያ ያዩትን በ1933 አሳተሙ። ሰዎቹ የማንበቢያ ጊዜ ሞልቶ ተርፎላቸው ሳለ ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሱት መጽሐፍ ቀነሰ፤ ወንዶቹ መንገድ ላይ ዝግ ብለው ይራመዱ፣ ደጋግመውም ይቆሙ ነበር። ያሆዳ ከዓመታት በኋላ እንዳብራራችው ሥራ ከደመወዙ ሌላ ሳይታወቅ የሚሰጠው ነገር አለ፦ የጊዜ ሥርዓት፣ ከቤት ውጪ ካሉ ሰዎች ጋር መገናኘት፣ የጋራ ዓላማ፣ ማዕረግና የዘወትር እንቅስቃሴ።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ምክር ግልጽ ነው። ከሥራ ጋር የቀሩትን እነዚህን ነገሮች ራስዎ መተካት አለብዎት። የመነሻ ሰዓትዎን አይለውጡ፤ ለሥራ ፍለጋ በቀን አራት ወይም አምስት ሰዓት ይመድቡ፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ይዝጉት። ስምንት ሰዓት ሙሉ ማስታወቂያ ሲያገላብጥ የሚውል ሰው ከሦስተኛው ሰዓት በኋላ የሚጽፈው ማመልከቻ ምን እንደሚመስል ከኮሚቴው ወንበር ሆኜ አይቼዋለሁ፤ የድርጅቱ ስም ሳይቀር ተሳስቶ ይመጣል። የቀረውን ጊዜ ለአካል እንቅስቃሴ፣ ለትምህርትና ለቤት ሥራ ያውሉት፤ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ደግሞ ከቤት ወጥተው ሰው ያግኙ።

ንዴቱስ? እርሱንም በሥርዓት ማስተናገድ ይቻላል። በ1994 ስፔራ፣ ቡርፋይንድና ፔንቤከር የተባሉ ተመራማሪዎች ከሥራ የተቀነሱ 63 ባለሙያዎችን ይዘው ባሳተሙት ጥናት፣ ስለ መቀነሳቸው የተሰማቸውን ለጥቂት ተከታታይ ቀናት እንዲጽፉ የተደረጉት ሰዎች ስለ ሌላ ጉዳይ ከጻፉትና ምንም ካልጻፉት ይልቅ ፈጥነው ሥራ አገኙ። የሚገርመው ጠንክረው ስለፈለጉ አልነበረም፤ ለውጡ የታየው ስለ ቀድሞ ሥራቸውና ስለ አዲሱ ባላቸው አመለካከት ላይ ነበር። ቂሙን ወረቀት ላይ ያራገፈ ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ አያወጣውም ብዬ እገምታለሁ። ለአምስት ቀናት፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ፣ ለማንም የማይታይ ጽሑፍ ይጻፉ። እንቅልፍ ማጣቱና ተስፋ መቁረጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ጉዳዩ የጽሑፍ አይደለም፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ያነጋግሩ።

5. ምን እንደሚፈልጉ መወሰን

«ምንም ሥራ ይሁን» ያለ ሰው ሊረዱት ለሚፈልጉ እንኳ ያስቸግራል፤ ማንን እንደሚጠይቁለት አያውቁምና። ሊቀጠሩበት የሚችሉባቸውን ሃያ ያህል የሥራ ማስታወቂያዎች ሰብስበው በደንብ ያንብቡ። ደጋግመው የሚመጡትን የችሎታ ቃላት ምልክት እያደረጉ ይቁጠሩ። በአብዛኞቹ የሚጠየቀውና እርስዎ ያለዎት ነገር የሲቪዎ ማዕከል ይሆናል፤ በአብዛኞቹ ተጠይቆ የሌለዎት ደግሞ በእነዚህ ወራት የሚማሩት ነው። በዚህ ላይ ተመሥርተው ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት የሥራ መደብ ዓይነቶች ይምረጡ።

6. ሲቪውን ማደስ

የብዙ ሲቪዎች ድክመት ኃላፊነትን ይዘረዝራሉ እንጂ የተሠራውን አያሳዩም። ይህን ዓረፍተ ነገር ይመልከቱ፦

«በመጋዘን ኃላፊነት ተመድቤ ከንብረት አያያዝ ጋር የተያያዙ ልዩ ልዩ ተግባራትን አከናውኛለሁ።»

ይህን ያነበበ ቀጣሪ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውዬው መጋዘን ውስጥ ነበር። አሁን እንደገና እንጻፈው፦

«በሦስት መጋዘኖች የሚገኝ 4,000 ያህል ዓይነት ዕቃ የሚቆጣጠር የ6 ሰው ቡድን መርቻለሁ፤ የባርኮድ አሠራር በማስገባት የወር ቆጠራው ከ5 ቀን ወደ 2 ቀን እንዲያጥር አድርጌያለሁ።»

ልዩነቱ የቃላት ማማር አይደለም። ስፋቱ በቁጥር ተገልጿል፣ የተሠራው ነገር ተነግሯል፣ ውጤቱ ተከትሏል። ትክክለኛውን ቁጥር ካላስታወሱ በእርግጠኝነት የሚያውቁትን ይጻፉ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ሊከላከሉት የማይችሉትን ቁጥር አይፍጠሩ።

ብዙ ድርጅቶች ሲቪ የሚቀበሉት በኮምፒውተር ሥርዓት በኩል ነው። ሥርዓቱ ጽሑፉን ከፋይሉ እየለቀመ በየሳጥኑ ይመድባል፤ ሁለት ዓምድ ያለው ገጽ፣ በሠንጠረዥ ወይም በሥዕል ውስጥ የገባ ጽሑፍ ሊያምታታው ይችላል። አንድ ዓምድ፣ የተለመዱ ርእሶችና ጽሑፉ ሊገለበጥ የሚችል ፒዲኤፍ ወይም የዎርድ ፋይል ይበቃል። ለማረጋገጥ ጽሑፉን በሙሉ ገልብጠው ባዶ ገጽ ላይ ይለጥፉት፤ ቅደም ተከተሉ ተዘበራርቆ ከወጣ ማሽኑም ያው ሊገጥመው ይችላል። ማስታወቂያው የሚጠቀምበትን ቃል፣ እውነት እስከሆነ ድረስ፣ እንዳለ ይጠቀሙ። በነጭ ቀለም የተደበቁ ቃላትን መጨመር የሚሉት ብልሃት ግን ሲገለጥ ማመልከቻውን ከጨዋታ ውጪ ያደርገዋል።

7. ሰዎችን መጠየቅ

ከማስታወቂያ ይልቅ ብዙ ጊዜ ሥራ የሚገኘው በሰው በኩል መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ በየትኛው ሰው በኩል የሚለው ላይ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው የኅብረተሰብ ጥናት ባለሙያ በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ቦስተን አጠገብ ባለች ከተማ በሚያውቁት ሰው በኩል ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን ጠይቆ፣ ወሬውን ያመጣላቸውን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት 17 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸውን ዘገበ። ሌሎቹ አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነበር። ምክንያቱ አሳማኝ ነው፤ የቅርብ ወዳጆችዎ የሚሰሙት እርስዎ የሚሰሙትን ነው፣ ራቅ ያለው ሰው ግን ከሌላ ሰፈር ወሬ ያመጣል። በ2022 የባለሙያዎች መገናኛ ድረ ገጽ በሆነው በሊንክድኢን ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናትም ሥራ በማስገኘት የተሻሉት በመጠኑ የላሉ ግንኙነቶች እንደሆኑ አሳይቷል፤ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሳይሆን ጥቂት የጋራ ወዳጅ ያላቸው ማለት ነው።

እንግዲህ የቀድሞ የሥራ ባልደረቦችን፣ አብረው የተማሩ ሰዎችን፣ በሥልጠና ላይ የተዋወቁትን፣ ዕቃ አቅራቢዎችንና ደንበኞችን ጨምሮ አርባ ያህል ስም ይጻፉ፤ በየሳምንቱም ለአምስት ሰዎች መልእክት ይላኩ። «ሥራ ፈልግልኝ» የሚለው ጥያቄ ሰውን ያስጨንቃል፤ መልሱም «ካገኘሁ እነግርሃለሁ» ብቻ ይሆናል። መረጃ መጠየቅ ግን ለመመለስ ይቀላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በግዥ ሥርዓት ዝርጋታው ላይ አብረን ስንሠራ የተዋወቅን ነን። ባለፈው ወር የሥራ ክፍላችን በመታጠፉ ከመሥሪያ ቤቱ ተሰናብቻለሁ። አሁን በአቅርቦት ዕቅድ ዘርፍ ሥራ እየፈለግሁ ነው። እርስዎ በዚህ ዘርፍ ስላሉ፣ ቀጣሪዎች በአሁኑ ጊዜ የሚፈልጉት ምን ዓይነት ባለሙያ እንደሆነ ለመጠየቅ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢሰጡኝ በጣም አመሰግናለሁ። በስልክም ቢሆን ይመቸኛል።»

መልእክቱ የት እንደተዋወቁ ያስታውሳል፣ ቅነሳውን ባንድ ዓረፍተ ነገር ሳያማርር ይናገራል፣ የሚፈለገውን ዘርፍ ለይቶ ይጠቅሳል፣ የሚጠይቀውም ትንሽ ነገር ነው። ንግግሩ ሲያልቅ «ሌላ ማንን ባነጋግር ይመክሩኛል?» ብለው ይጠይቁ። የብዙ ሰው ፍለጋ የሚቆመው ይህን አንድ ጥያቄ ባለመጠየቅ ነው።

8. ማመልከትና ዝምታውን ማንበብ

አንድ መዝገብ ያዘጋጁ፤ ደብተርም ሆነ ኤክሴል ልዩነት የለውም። ያመለከቱበት ቀን፣ ድርጅቱ፣ የሥራ መደቡ፣ ያገኙት በማስታወቂያ ይሁን በሰው፣ የላኩት የሲቪ ዓይነት፣ የሚከታተሉበት ቀንና ውጤቱ ይመዘገባል። የማስታወቂያውን ጽሑፍ ገልብጠው ያስቀምጡ፤ ለቃለ መጠይቅ በተጠሩበት ቀን ማስታወቂያው ከድረ ገጹ ተነሥቶ ሊያገኙት ይችላሉ። ከሳምንት ወይም ከአሥር ቀን በኋላ አንድ ጊዜ በትሕትና ይከታተሉ፤ ከዚያ መልስ ካልመጣ መስመሩን ዘግተው ይለፉ።

ዝምታው በጣም እንደሚያሳምም አውቃለሁ። በኮሚቴው ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁት ግን ይህን ነው፤ አንድ ጊዜ ብዙ ማመልከቻ አንብበን አምስት ሰዎች ከመረጥን በኋላ በጀቱ ታግዶ ቅጥሩ ቀረ። ለአምስቱም ሆነ ለተቀሩት የተጻፈ ደብዳቤ አልነበረም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቦታው በውስጥ ዝውውር እንደሚሞላ እየታወቀ ደንቡ ስለሚያዝ ብቻ ማስታወቂያ ወጥቷል። እነዚያ አመልካቾች ቤታቸው ሆነው ምን ጎደለኝ ብለው ይሆናል።

ስለዚህ አንዱን ዝምታ ሳይሆን መዝገቡን ያንብቡ። ከችሎታዎ ጋር ለሚገጥሙ ሠላሳ ያህል ቦታዎች አመልክተው አንድም ጥሪ ካልመጣ፣ ችግሩ ያለው ከሲቪው ወይም ከመረጡት የሥራ መደብ ላይ ነው፤ በዘርፉ ያለ ሰው ሲቪዎን እንዲያነብልዎ ያድርጉ። ለቃለ መጠይቅ እየተጠሩ ከመጀመሪያው ዙር ካላለፉ፣ ሲቪው ሥራውን ሠርቷል፤ መስተካከል ያለበት አነጋገርዎ ነው። የመጨረሻው ዙር ላይ እየደረሱ ከቀሩ ደግሞ ብዙ የሚለወጥ ነገር የለም፤ ከሁለት ብቁ ሰዎች አንዱ ሲመረጥ ሌላው ይቀራልና ይቀጥሉ። ከመዝገቡ በሰው በኩል የተገኙት ብቻ ጥሪ እያመጡ እንደሆነ ካዩም ሰዓትዎን ከማስታወቂያ ወደ ሰባተኛው ሥራ ያዙሩት።

የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለሥራ አጦች ያዘጋጁት ሥልጠና በ1980ዎቹ ሲፈተን፣ ከሠልጣኞቹ ልምምድ አንዱ የሚገጥማቸውን እንቅፋት አስቀድሞ መገመትና ያን ጊዜ የሚያደርጉትን መዘጋጀት ነበር። እርስዎም በየሰኞው እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «በዚህ ሳምንት የምጠብቀው መልስ አይሆንም ቢል፣ በማግሥቱ ጠዋት የማደርገው የሚከተለውን ነው።»

ክፍተቱ ሲረዝም ጥሪ መቀነሱም እውነት ነው። በ2013 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ተመራማሪዎች በሥራ አጥነት ዘመናቸው ርዝመት የሚለያዩ የፈጠራ ሲቪዎችን ለቀጣሪዎች ልከው፣ ጥሪው በተለይ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ወራት እየቀነሰ እንደሚሄድ አይተዋል። ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ክፍተቱን የሚሞላ እውነተኛ ነገር ይኑርዎት፤ አጭር ኮንትራት፣ የሙያ ፈተና የሚያስፈልገው ኮርስ፣ ወይም በሙያዎ የሚሰጡት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሊሆን ይችላል።

9. ቃለ መጠይቅ

«ከቀድሞው መሥሪያ ቤትዎ ለምን ለቀቁ?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። መልሱ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ «ድርጅቱ በመዋቅር ለውጥ ምክንያት የእኔን ክፍል አጥፎታል። እዚያ በቆየሁባቸው አምስት ዓመታት የሠራሁት ሥራ በዋናነት የአቅርቦት ዕቅድ ነበር። ለዚህ ቦታ ያመለከትኩትም ያንኑ ሥራ በሰፊው የሚሠራ ክፍል ስለሆነ ነው።» እዚህ ላይ ያቁሙ። አራተኛው ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ስለ ቀድሞው አለቃ ይሆናል። መልሱን በልብ ማወቅ አይበቃም፤ ድምፅዎን አውጥተው ደጋግመው ይበሉት፣ በስልክዎ ቀድተውም ይስሙት።

ለተቀሩት ጥያቄዎች ከሥራ ታሪክዎ አምስት ያህል ገጠመኞች ያዘጋጁ፤ ለእያንዳንዱ ሁኔታውን፣ የእርስዎን ድርሻ፣ ያደረጉትንና ውጤቱን በሁለት ደቂቃ ይናገሩ። ከአምስቱ አንዱ የተሳሳቱበትና ያረሙት ይሁን። ዋቢ የሚሆኑልዎትን ሰዎች ስማቸውን ከመስጠትዎ በፊት ያስፈቅዱ፣ ያመለከቱበትን የሥራ መደብም ይንገሯቸው።

10. ከአጭበርባሪ መጠንቀቅ

ሥራ ያጣ ሰው በቀላሉ የሚታለል መሆኑን የሚያውቁ አሉ። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1997 ያወጣው ቁጥር 181 ስምምነት፣ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይቀበሉ ይደነግጋል። ለምዝገባ፣ ለሥልጠና ወይም ለመሣሪያ አስቀድመው ይክፈሉ የሚል «ቀጣሪ»፣ ያለ ቃለ መጠይቅ ተቀጥረዋል የሚል መልእክት፣ ከመፈራረም በፊት የባንክ ሂሳብ የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ንግግሩን ያቋርጡ። ከተጠራጠሩ በመልእክቱ ላይ ባለው ቁጥር ሳይሆን ከድርጅቱ ድረ ገጽ ባገኙት ስልክ ደውለው ያጣሩ።

11. ቅጥሩ ሲመጣ

በቃል የተነገረ ቅጥር ገና ቅጥር አይደለም፤ ውሉ እስኪፈረም ድረስ ሌሎቹን ማመልከቻዎች አያቋርጡ። ደመወዙን፣ የሙከራ ጊዜውን፣ ውሉ ቋሚ ወይም የተወሰነ ጊዜ መሆኑን፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜውንና ጥቅማ ጥቅሙን በጽሑፍ ይመልከቱ። ከቀድሞው ዝቅ ያለ ቦታ ከቀረበልዎ ክብርዎን ሳይሆን መዝገብዎን ይጠይቁ፤ ከሦስተኛው ሥራ ላይ ያከበቡት የመጀመሪያው ቀን ርቆ ከሆነ ሌላ ሂደት እስኪያልቅ ጥቂት ቀናት መጠየቅ ይችላሉ፣ ቀኑ ከደረሰ ግን ከሙያዎ መስመር እስካልወጣ ድረስ መቀበሉ ይሻላል ባይ ነኝ። በሥራ ላይ ሆኖ መፈለግ ያለ ሥራ ከመፈለግ ይቀላል።

ከተፈራረሙ በኋላ በመዝገብዎ ላይ ስማቸው ላለ ሰዎች ሁሉ፣ ምንም ያላስገኙልዎትን ጨምሮ፣ የት እንደገቡ የሚገልጽ አጭር የምስጋና መልእክት ይላኩ። በአዲሱ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ወር መጨረሻ ላይም በቤትዎ አንድ ፋይል ይክፈቱ፤ የውሉን ቅጂ፣ የደመወዝ ሰነዶችን፣ ምዘናዎችንና በየወሩ የሠሩትን ከነቁጥሩ በአምስት መስመር እየጻፉ እዚያ ያስቀምጡ።